ቁልቁል የማይጻፈው ሪፈር

ከጣርማ በር ቁልቁል ወደ ሸዋ ሮቢት የወረደ ሰው ያውቀዋል። አናቱ ላይ ጋቢውን ተከናንቦ ሲንቀጠቀጥ የነበረ መንገደኛ ደብረ ሲናን አልፎ ሮቢት ሲደርስ ሹራቡን አውልቆ ውኃ ይጠይቃል። ጉሙና ገብሱ በቁልቁለቱ ያልቃሉ፤ ማሽላው፣ ማሾው፣ ሽንኩርቱና ሙቀቱ ይጀምራሉ። ያማረ መንገድ ነው። እኔ ግን ባሰብኩት ቁጥር ትዝ የሚለኝ ቁልቁለቱ ሳይሆን ዳገቱ ነው፤ በ2001 ዓ.ም. አክስቴን ይዘን የወጣነው ዳገት።

አክስቴ ከሮቢት ዝቅ ብሎ በሚገኝ የቆላ ቀበሌ ትኖር ነበር። ደም ይፈሳት ጀመር። ለወራት ደበቀችው፤ የሴት ነገር ነው፣ ለማን ይነገራል? የተናገረችው ወገቧን ሲቆርጣት ነው። በቅርብ ያለው ጤና ጣቢያ ሦስት ጊዜ የተለያየ ክኒን ሰጣትና በአራተኛው ሪፈር ጻፈላት። ከዚያ በኋላ ያለው የወረቀት ጉዞ ነው። ከአንዱ ሆስፒታል ወደ ሌላው እየተላክን፣ በጠቅላላው 225 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘን አዲስ አበባ ገባን። አንድ በሬ ተሸጠ። የዓመቱ ማሾ ገና ከአውድማ ሳይነሣ ተሸጠ።

ከአሥራ አንድ ቀን ምልልስ በኋላ አንድ ወጣት ሐኪም ኮሪደር ላይ ጠርቶ አነጋገረኝ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ዐይኑ በእንቅልፍ እጦት ቀልቷል። “የማኅፀን በር ካንሰር ነው፤ ተሠራጭቷል። ከዚህ በላይ የምናደርግላቸው ነገር የለም። ቤት ወስዳችሁ ተንከባከቧቸው” አለኝ። የአሥር ቀን ማስታገሻ ክኒን ጻፈልኝና ሌላ በሽተኛ ጠራ።

ወደ አልጋዋ ስመለስ ቀና ብላ “አንተ ልጅ፣ ሐኪሙ ምን አለ?” አለችኝ።

“ትድኛለሽ ብሏል፣ እትዬ።”

“እንግዲያው ምነው መርፌ እንኳ ሳይወጉኝ ይሰዱኛል?”

መልስ አልነበረኝም። ዛሬም የለኝም።

እንግዲህ ልብ በሉ። ሽቅብ ስንወጣ በየደረጃው ወረቀት ነበረን። ማኅተም ያለበት፣ ፊርማ ያለበት፣ ከኪሴ እያወጣሁ በየመስኮቱ የማሳየው ወረቀት። ቁልቁል ስንመለስ ግን በእጃችን ምንም አልነበረም። አዲስ አበባ የታወቀው ነገር ሮቢት የሚደርስበት መንገድ አልነበረውም። የላካት ጤና ጣቢያ ምን እንደተገኘባት አያውቅም። የቀበሌዋ ጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ በደጃችን ስታልፍ መጸዳጃ ቤት መቆፈሩን፣ ሕፃናት መከተባቸውን ትጠይቃለች፤ ከግድግዳው ወዲያ ግን አንዲት ሴት ሌሊቱን ሙሉ ነጠላዋን ነክሳ እንደምታድር የነገራት የለም። ለአሥር ቀን የታዘዘው ክኒን በስድስተኛው ቀን አለቀ። አክስቴ ከዚያ በኋላ ዐሥራ አንድ ሳምንት ኖረች።

ብቻዋን ነበረች እንዳልል ቤቱ ሰው ጠፍቶበት አያውቅም። ቄሱ ጠበል ይዘው ይመጣሉ። ሙስሊም ጎረቤቷ የሱብሒ ሶላት ሰግዳ እንደጨረሰች ወተት ይዛ ትገባና እግሯን ታሻሻለች። የይፋት ሰው ታማሚን አይጥልም። ግን ያ ሁሉ ጠያቂ፣ ያ ሁሉ “እግዜር ይማርሽ”፣ ያ ሁሉ ዱዓ እያለ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሕመሙ ሲነሣ የሚያስታግስ አንዲት ማንኪያ መድኃኒት በዚያ ቤት አልነበረም።

ልጇ ጅዳ ነበረች፤ ሰው ቤት ትሠራለች። በየሳምንቱ እየደወለች “እናቴስ?” ትላለች። “ደህና ናት፣ ትንሽ አሟት ነበር፣ ተሽሏታል” እንላታለን። አክስቴ ስትሞት በወጉ መሠረት ለጓደኞቿ ተደውሎ፣ ሰው ሰብስበው፣ ሊነጋጋ ሲል አረዷት። በሦስተኛው ቀን እኔ ጋ ደወለች። አላለቀሰችም። “ሐኪሙ ያላችሁን የዚያኑ ቀን ለምን አልነገራችሁኝም?” አለችኝ።

ይህንን የምጽፈው በዚህ ጥያቄ ምክንያት ነው።

*

ጥያቄው ሁለት ይመስለኛል። አንደኛው ለሕክምናው የሚቀርብ ነው፦ መዳን የማይችል ሰው ከሐኪም ምን ይገባዋል? ሁለተኛው ለእኛ ለዘመዶች ነው፦ የምንወደውን ሰው የራሱን ሞት መደበቅ መብታችን ነው ወይ?

ከመጀመሪያው ልነሣ። “ከዚህ በላይ የምናደርገው ነገር የለም” የሚለው አነጋገር ትሕትና ይመስላል፤ በውስጡ ግን ስሕተት አለ። ሐኪሙ “የማድነው ነገር የለም” ማለቱ ነው። ማዳንና ማድረግ ግን አንድ አይደሉም። ይህንን ልዩነት ለዘመናዊው ሕክምና በግልጽ ያሳየችው እንግሊዛዊቷ ሲስሊ ሳውንደርስ ናት። በመጀመሪያ ነርስ፣ ቀጥሎ የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛ፣ በመጨረሻም ሐኪም ሆነች፤ እ.ኤ.አ. በ1967 በደቡብ ለንደን ቅዱስ ክሪስቶፈር የተባለውን ሆስፒስ ከፈተች። ሁለት ነገር አስተማረች። አንደኛ፣ የሚሞት ሰው ሕመም የሥጋ ብቻ አይደለም፤ የልብ ጭንቀት፣ የቤተሰብ ጣጣ፣ የነፍስ ጥያቄ አብረው ያማሉ። ሁለተኛ፣ ማስታገሻ የሚሰጠው ሕመምተኛው ሲጮኽ ሳይሆን ሳይጮኽ በፊት፣ በሰዓቱ ነው። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ1986 ይህንኑ በሦስት እርከን አስቀምጦ ለአገሮች ሁሉ አሠራጨ፤ ለቀላል ሕመም ቀላሉ ክኒን፣ ለመካከለኛው መካከለኛው፣ ለከባዱ ሞርፊን፣ ሁሉም በተቻለ መጠን በአፍ፣ ሁሉም በሰዓቱ። ባለሙያዎቹ ፓሊየቲቭ ኬር የሚሉት፣ እኛ የማስታገሻ ሕክምና የምንለው ነገር መነሻው ይህ ነው።

ታዲያ ይህ ትልቅ ሆስፒታል የሚፈልግ ሥራ ነው? አይደለም። ቁም ነገሩ እዚህ ላይ ነው። መጀመሪያ የሚፈልገው መጠየቅን ነው። በእንግሊዝ አገር የሰፈር ሐኪሞች ለራሳቸው እንዲያቀርቡት የሚመከር አንድ ጥያቄ አለ፦ “ይህ ሰው በመጪዎቹ አሥራ ሁለት ወራት ቢሞት ይደንቀኛል ወይ?” መልሱ “አይደንቀኝም” ከሆነ ያን ሰው መዝግበው ሕመሙን፣ የሚያስታምመውን ሰው፣ የት መተኛት እንደሚፈልግ መጠየቅ ይጀምራሉ። ግምቱ ይሳሳታል፤ በልብና በኩላሊት በሽታ ላይ ከካንሰሩ ይበልጥ ይሳሳታል። ግን ጥያቄው ትንቢት ለመናገር አይደለም፤ ሰውዬውን ቀና ብሎ ለማየት ነው።

ይህ የፈረንጅ ነው የሚል ካለ የአፍሪካ የማስታገሻ ሕክምና ማኅበር ያዘጋጀው መጠይቅ አለ። ጥያቄዎቹ አሥር ብቻ ናቸው፤ ሰባቱ ለታማሚው፣ ሦስቱ ለአስታማሚው። መልሱ ከዜሮ እስከ አምስት ነው፤ ፊደል ያልቆጠረ ሰው በጣቱ ይመልሳል። የተጨበጠ እጅ ምንም የለም ማለት ነው፤ አምስቱ ጣት ሲዘረጋ ከዚህ የባሰ የለም ማለት ነው። የመጀመሪያው ጥያቄ ስለ ሕመም ነው። ከዚያ በኋላ ያሉትን ሳነብ ግን ወረቀቱን አስቀምጬ ተቀመጥኩ። የሚሰማሽን ለቤተሰብሽ ልታካፍዪ ችለሻል? ውስጥሽ ሰላም አለው? ለቤተሰብሽ የወደፊት ነገር የሚረዳ ምክር አግኝተሻል? አክስቴን ከእነዚህ አንዱንም የጠየቃት የለም። ሐኪሙም፣ እኔም።

*

አሁን በአገራችን ምንም አልተሠራም ብል ሐሰት ይሆንብኛል። አዲስ አበባ ውስጥ ሆስፒስ ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2003 በሲስተር ጽጌረዳ ይስፋወሰን ተመሥርቶ ሕመምተኞችን ቤታቸው ድረስ እየሄደ ሲረዳ ቆይቷል። ጤና ጥበቃ እ.ኤ.አ. በ2007 የሕመም ማስታገሻ መመሪያ፣ በ2016 ደግሞ የማስታገሻ ሕክምና ብሔራዊ መመሪያ አውጥቷል። ከ2005 ዓ.ም. ጀምሮ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የቤተሰብ ሕክምና ስፔሻሊስቶችን ያሠለጥናል። መመሪያ አለን ማለት ነው። መመሪያው ከመደርደሪያ ወርዶ ጣርማ በርን ተሻግሮ ቆላ ይደርሳል ወይ ነው ጥያቄው።

የእኛ የሪፈር ሥርዓት እንደ መንገዳችን ሽቅብ ነው የተሠራው። ጤና ኬላ ወደ ጤና ጣቢያ፣ ጤና ጣቢያ ወደ ሆስፒታል፣ ሆስፒታል ወደ ትልቁ ሆስፒታል። ሊድን ለሚችል ሰው ይህ ትክክል ነው። የማይድን ሰው ግን የሚያስፈልገው ሪፈር ወደ ቤቱ የሚጻፍ ነው። አንድ ገጽ ይበቃል፦ በሽታው ይህ ነው፣ ለታማሚዋ እንዲህ ተነግሯታል፣ ይህንን መድኃኒት በዚህ ሰዓት ትወስዳለች፣ ሞርፊን ሆድ ስለሚያደርቅ ማለስለሻውን አትርሱ፣ ሕመሙ ከባሰ እንዲህ አድርጉ። አንዱ ቅጂ ለጤና ጣቢያው፣ አንዱ ለጤና ኬላዋ ልጅ። የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በ1995 ዓ.ም. ሲጀመር በየቀበሌው ሁለት ሴቶች ቤት ለቤት እንዲዞሩ ነው የታሰበው። ቤት ለቤት መዞር ደግሞ የማስታገሻ ሕክምና ግማሹ ነው።

ሽቅብ ብቻ የሚያውቅ ሪፈር ሌላም ጣጣ አለው። መንገድ ይዘጋል። በኅዳር 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ሸዋ ሮቢት በገባ ጊዜ የሚያጣጥር ሰው ያለበት ቤት ሁሉ ወዴት ሪፈር ይባላል? ቅርብ ያለ ማስታገሻና ቅርብ ያለ የሚያውቅ ሰው የቅንጦት ነገር እንዳልሆነ ያኔ ይገባል።

አንድ የጤና መኮንን የሆነ ወዳጄ ይህንን ሳወራው አቋረጠኝ። “አንተ ሰው፣ ሕፃናት በወባ እየሞቱ ለማይድን ሰው ሀብት እናፍስስ ትላለህ?” አለኝ። የሚናቅ ክርክር አይደለም። የጤና ሠራተኛው ጊዜ ጥቂት ነው፤ መድኃኒቱም ጥቂት ነው። ግን ሒሳቡን ከሌላ በኩልም እናስላው። የአክስቴ በሬ የተሸጠው ማስታገሻ ለመግዛት አይደለም። ሮቢት ላይ ሊነገረን ይችል የነበረን ቃል አዲስ አበባ ሄደን ለመስማት ነው። የሚፈላ ውኃ ያህል ቀላል የሆነ የሞርፊን ፈሳሽ ከአንድ በሬ ዋጋ ጋር አይወዳደርም። ወዳጄ ይህንን ሰምቶ ራሱን ነቀነቀ፤ ማመኑን ግን አልነገረኝም።

ስለ ሞርፊን ያለን ፍርሃትም ሌላ ዳገት ነው። ሱስ ያስይዛል፣ ይገድላል ይባላል። በልዩ ማዘዣ ወረቀት መታዘዙ፣ በቁልፍ መቀመጡ ተገቢ ነው፤ የሚያደርሰው ጉዳት የታወቀ ነው። ነገር ግን በአግባቡ ተመጥኖ ለከባድ ሕመም ሲሰጥ ሞትን የሚያፋጥን መድኃኒት አይደለም። ኡጋንዳ ከእኛ የከበረች አገር አይደለችም፤ እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ ግን የሠለጠኑ ነርሶች ሞርፊን እንዲያዝዙ በሕግ ፈቅዳለች፤ ገጠር ሐኪም እንደማይገኝ ስላወቀች። የላንሴት ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው ዘገባ በዓለም ላይ በዓመት ከሚከፋፈለው 298.5 ቶን የሞርፊን ዓይነት ማስታገሻ ውስጥ ለደሃ አገሮች የሚደርሰው 0.1 ቶን ነው ብሏል። የዓለም ጤና ድርጅትም ይህ ሕክምና ከሚያስፈልጋቸው መቶ ሰዎች የሚያገኙት 14 ያህል ብቻ መሆናቸውን ይናገራል። አክስቴ ከቀሪዎቹ 86ቱ አንዷ ነበረች።

*

ወደ ሁለተኛው ጥያቄ ልመለስ፤ ይኸኛው የጤና ጥበቃን አይመለከትም፤ እኔን ነው።

በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም ይላል ያገራችን ሰው። እኛ ግን ከዚያ አልፈን በሽታውን ከባለቤቱ እንሸሽጋለን። ለምን ብትሉ፣ “ልቧ ይሰበራል፤ ተስፋ ትቆርጣለች፤ ቀኗን እናሳጥርባታለን” እንላለን። ውሸት አይደለም፤ እኔም ኮሪደሩ ላይ ያሰብኩት ይህንኑ ነው። አሁን ሳስበው ግን ከዚያ በታች ሌላም ነገር ነበር፦ እኔ ነኝ የፈራሁት። ስታለቅስ ማየት ፈራሁ። የነገርኳት ውሸት እርሷን ካጽናናት ይልቅ እኔን አጽናናኝ።

ደግሞ አታውቅም ነበር ወይ? ታውቃለች። “ምነው መርፌ እንኳ ሳይወጉኝ” ያለች ሴት ታውቃለች። እኛ እናውቃለን፣ እርሷም ታውቃለች፣ እርስ በርስ እንዳንነጋገር ግን ውሸታችን በመካከላችን አጥር ሆነ። ኑዛዜ የሚባል የከበረ ወግ አለን፤ ሰው ዕዳውን፣ መሬቱን፣ ቂሙን የሚያስተካክልበት። መሞቱ ያልተነገረው ሰው ግን በምን አንደበት ይናዘዝ? ልጇን ጥሩልኝ ለማለት እንኳ “እየሞትኩ ነው” ማለት ነበረባት፤ እኛ ደግሞ ያንን ቃል ከቤቱ አስወጥተነዋል።

ለሁሉም ሰው በግድ ይነገር አልልም። ማወቅ የማይፈልግ ሰው አለ፤ አለማወቅም መብቱ ነው። ግን ይህንን የሚወስነው እርሱ እንጂ እኛ አይደለንም። “ስለ በሽታሽ ምን ያህል ማወቅ ትፈልጊያለሽ? ወይስ ለእኔ ብቻ ይነገረኝ?” ብሎ መጠየቅ ይቻል ነበር።

የሚገርመው ነገር ክፉ ወሬ መንገር የማንችልበት ሕዝብ አይደለንም። መርዶን ተመልከቱ። መርዶ በድንገት አይወረወርም። አስቀድሞ “ታሟል” ይባላል፤ ቅርብ ሰው ይሰበሰባል፤ ሰውየው ባዶ ሆዱን እንዳይሆን ይታሰባል፤ ሊነጋጋ ሲል፣ ቀኑን ሙሉ አብሮት የሚውል ሰው ባለበት ይነገራል። ፈረንጆች ዛሬ ለሕክምና ተማሪዎች በኮርስ የሚያስተምሩትን አያቶቻችን በወግ ሠርተውታል። ችግሩ ይህንን ጥበብ የምናወጣው ሰው ከሞተ በኋላ መሆኑ ነው።

ዕድርም እንዲሁ ነው። ዕድራችን፣ ወደ ወሎ ሲሄዱ ደግሞ ቅሬው፣ ድንኳን አለው፣ ብረት ድስት አለው፣ ወንበር አለው፣ ጥሩንባ ነፊ አለው። ሁሉም ግን የሚንቀሳቀሰው ነፍስ ከወጣች በኋላ ነው። በሕንድ በኬረላ ግዛት ጎረቤት ከጎረቤት ጥቂት ጥቂት ሳንቲም እያዋጣ፣ ፈቃደኞች እየሠለጠኑ፣ የተኙ ሕመምተኞችን ቤት ለቤት ሲረዱ ቆይተው መንግሥታቸው እ.ኤ.አ. በ2008 ፖሊሲ አድርጎታል። መዋጮውም ጎረቤቱም እኛ ዘንድ አለ። በኤችአይቪ ክፉ ዘመን አዲስ አበባ ውስጥ ያሉ ዕድሮች የተኙትን ቤት ለቤት መርዳት ጀምረው እንደነበርም አንርሳ። ያልተሞከረ ነገር አይደለም።

ይህንኑ በሰፈሬ ዕድር ስብሰባ ላይ አነሣሁት። ከሚከፈለው ገንዘብ ጥቂቱ ተነሥቶ አልጋ ለያዘ አባል አስቀድሞ ይሰጥ፣ ሌሊት የሚያስታምም ሰው በተራ ይመደብ አልኩ። አንድ የተከበሩ አዛውንት ተነሡና “ልጄ፣ ሳይሞት መክፈል ሟርት አይሆንም ወይ? ሞትህን ቆረጥን ማለት እኮ ነው” አሉ። ብዙ ሰው ራሱን ነቀነቀ። ከኋላ አንዲት ሴት ተነሣች። “የኔ ባል ስምንት ወር ተኛ። ያን ጊዜ ማንም ሟርት ይሁን አይሁን አልጠየቀኝም። በሞተ ማግሥት ድንኳኑም ገንዘቡም መጣልኝ። ገንዘቡን ምን አደረግኩበት? ለመድኃኒት የተበደርኩትን ከፈልኩበት” ብላ ተቀመጠች። ጉዳዩ ለሚቀጥለው ስብሰባ ይተላለፍ ተባለ። ተላልፏል።

የአክስቴ ልጅ ከጅዳ ተመልሳ ዛሬ ሮቢት ትኖራለች። ስንገናኝ ያንን ነገር አናነሣውም። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ቡና እያፈላች፣ ዐይኗን ከጀበናው ሳታነሣ እንዲህ አለችኝ፦

“ብትነግሩኝም ላልመጣ እችል ነበር፤ ኮንትራቴ አላለቀም። ግን አለመምጣቴን የምወስነው እኔ ነበርኩ።”

እውነቷን ነው። ቸር ያሰማን።